ነጭ ጋውን የለበሰው ልጅ

ዛሬ ስለ ምራቴ ልጽፍ ነው። አስፈቅጃታለሁ። «ስሜን ብቻ እንዳይጠሩ» ብላኛለች።

ነገሩ የሆነው በ2017 ኅዳር ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በዘመቻ መስጠት የጀመረበት ሰሞን። ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችን ለማዳረስ ታስቦ ነበር። የልጅ ልጄ ያኔ 11 ዓመቷ ነው። እሁድ እንደ ልማዳቸው አብነት እኔ ቤት ቡና ሊጠጡ መጡ። ሁለተኛው ሳይቀዳ ምራቴ «እማማ፣ ልጄን አላስከትባትም» አለችኝ።

ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ቲክቶክ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት፣ ከጀርባው ልብ የሚነካ ሙዚቃ፣ «ይህ ክትባት ሴት ልጆቻችንን መካን ለማድረግ የመጣ ነው» ይላል። ጋውኑ ከታጠፈበት የወጣ አዲስ ነው፤ መታጠፊያው ይታያል። ሕመምተኛ ነክቶ የሚያውቅ ጋውን አይመስልም።

እኔ ደግሞ በዲፕሎማ ነርስነት ተመርቄ ሥራ ስጀምር መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በአገራችን ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ በ1972 ነው የተጀመረው። ከዚያ እስከ ጡረታዬ የስንቱን ሕፃን ጭን እንደወጋሁ አልቆጠርኩትም። እና ደሜ ፈላ። «እኔን ነው ወይስ ይህን ማቲ የምታምኚው?» አልኳት።

ትንሽ ዝም ብላ «እርስዎን ነው የማምነው። ግን እሱ ለምን እንደሆነ ነገረኝ፤ እርስዎ ተቆጡኝ» አለች።

ያን ቀን ቡናው ቀዘቀዘ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቁጣው የዚያን ቀን ብቻ አይደለም። በሠራሁበት ጤና ጣቢያ በክትባት ቀን እናቶች ከጠዋት ጀምሮ ይሰለፋሉ። አንዷ «ልጄን ካስከተብኩት በኋላ ለምን አተኮሰው?» ስትል «ያልፋል፣ ቀጣይ!» እል ነበር። ካርዷን ረስታ የመጣችውንማ ሰው ፊት አዋርጃታለሁ። ክትባቱ ደረሰ፣ ሪፖርቱ ሞላ፤ ጥያቄው ግን እናትየው ጋ ቀረ። ዛሬ ያንን ጥያቄ እየመለሰ ያለው ጋውን ገዝቶ የለበሰው ልጅ ነው።

ወሬ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። በጥቅምት 2011 በምዕራብ ጎጃም ሰሜን ሜጫ ወረዳ፣ አዲስ ዓለም በምትባል ቦታ፣ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ተገድለዋል። ልጆችን አደገኛ ክትባት ወጉ የሚል ወሬ ተነዝቶ፣ ሕዝብ ተቆጥቶ። ዜናውን ስሰማ ሥራ ላይ ነበርኩ። እኔም የገጠር ዘመቻ የወጣሁባቸው ዓመታት ትዝ አሉኝ፤ የክትባት ሳጥን በትከሻዬ፣ ከማላውቀው ቤት በር ላይ ቆሜ። በዚያው በ2011 ነበር ይኸው የማህፀን በር ካንሰር ክትባት መጀመሪያ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው።

መንግሥት ምን አደረገ? ሕግ አወጣ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የኮቪድ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘበት በመጋቢት። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር። ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር። ሕግ መኖሩን አልቃወምም። ግን ያን ልጅ ቢያስሩት ምራቴ ምን ትል እንደነበር አውቃለሁ፦ «አያችሁ፣ እውነቱን ስለተናገረ ነው።»

መዝጋትም ሞክረናል። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆዩ። የሰፈራችን ጎረምሳ ሁሉ ቪፒኤን የሚባለውን ተማረ፤ ለእኔም የጫነልኝ የጎረቤት ልጅ ነው። ወሬው አንድ ቀን አላረፈም። እኩዮቼ በዕድር ስብሰባ ላይ «ይህ ቲክቶክ ጭራሽ ይዘጋ» ሲሉ አልስማማም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዛቸውን ጥያቄ አንስተው ሥራ ሲያቆሙ ጩኸታቸውን የሰማነው በዚሁ በስልክ ነው። በየትኛው በር ሄደው ይናገሩ ነበር? የተራበች ነርስ ደግሞ የእናት ጥያቄ ቆማ አትመልስም፤ ይህንንም ከክትባት ጉዳይ ለይቼ አላየውም።

ገንዘቡም ፉክክሩም ያለው ሌላ ቦታ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ገጽ ክፈቱ፤ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት፣ ሱፍ የለበሱ ሰዎች፣ ባነር። ከሥሩ እናቶች «ለነፍሰ ጡር ይሆናል?» «ልጄ አስም አለባት» ብለው ይጽፋሉ። ብዙ ጊዜ መልስ የሚሰጣቸው አላይም። አንድ የተረጋጋች ነርስ እዚያ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ብትመልስ ከባነሩ ዋጋ በላይ አታወጣም። ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ በየቤቱ የሚታወቁ ናቸው። እነሱን የቅጽ መሙያ ካደረግናቸው ጋውን ለባሹ ያሸንፋል።

ወደ ምራቴ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን ቤቷ ሄድኩ፤ ሳልቆጣ። የማህፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው ኤችፒቪ ከሚባል ቫይረስ መሆኑን፣ በክትባቱ ውስጥ ሕያው ቫይረስ እንደሌለ፣ በልጅነት የሚሰጠው ቫይረሱ ሳይደርስ ለመቅደም መሆኑን ነገርኳት። በስኮትላንድ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ሙሉ ክትባት የወሰዱ ልጃገረዶች ሲያድጉ ተጠንተው፣ አንዷም በዚህ ካንሰር ተይዛ እንዳልተገኘች በ2016 ታትሞ ነበር፤ እሱንም ነገርኳት። ክንድ ሊያም እንደሚችል፣ ትኩሳት ሊኖር እንደሚችል፣ ልጅቱ ስትወጋ ተቀምጣ ትንሽ ብትቆይ እንደሚሻል አልደበቅኳትም። ከዚያ በሥራ ዘመኔ ስላየኋቸው ሴቶች አወራኋት። ደም እየፈሰሳቸው በሐፍረት ለዓመት ደብቀው፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ስለመጡ። የአንዷን ሽታ እስካሁን አልረሳውም። ይህን ስነግራት አለቀስኩ፤ በሥራ ላይ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ምራቴ ብዙ ጠየቀች። አንዱን አላውቀውም አልኳትና ለቀድሞ ባልደረባዬ ደውዬ አብረን ሰማን።

ልጅቱ ተከተበች። ማታ ክንዷን አመማትና እናትየው ሁለቴ ደወለችልኝ፤ ሁለቴም አነሳሁ።

አሁን ታናሿ 9 ዓመት ሞልቷታል። ትናንት ማታ ምራቴ ሌላ ቪዲዮ ላከችልኝ፦ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ከተወሰደ የደም ግፊት መድኃኒት ማቆም ይቻላል የሚል። በኮቪድ ጊዜም ይኸው ፌጦ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ከሥሩ «እማማ፣ ይህስ እውነት ነው? አባቴ መድኃኒቱን ሊተው ነው» ብላ ጽፋለች። ይህን ጽሑፍ እንደጨረስኩ ለአባቷ እደውላለሁ።