ቀይ የለበሰው ፋንተም

«ደግሞ ኮሚክ!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ይህን ግን ዝም ብዬ ባልፈው ያንቀኛል። ከጣሊያን የመጣ ወዳጄ አዲስ የታተመ የአሜሪካኑን ኮሚክ የ«ፍላሽ ጎርደን»ን ቅጽ አመጣልኝ። ጠንካራ ልባስ፣ ወፍራም ወረቀት፣ እንደ ፀጉር የቀጠነው የሠዓሊው የአሌክስ ሬይመንድ መስመር ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። እሰየው ብዬ መግቢያውን ሳነብ ደሜ ፈላ፤ የድሮዎቹ የጣሊያን እትሞች ሥራውን «አበላሽተውት» ኖሯል!

እንደዚያ ያለ የድሮ እትም እኔም ዘንድ አለ፤ የሮሞቹ አሳታሚዎች ፍራቴሊ ስፓዳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካሳተሙት ሌላ የአሜሪካ ኮሚክ፣ ከ«ፋንተም»፣ አንድ ቅጂ። ፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ላይ ከአሮጌ ጫማ ጎን ተዘርግቶ ነው ያገኘሁት። ለጋዜጣ በአግድም የተሣለው ተቆራርጦ ገጹ ላይ እንደ አዲስ ተደርድሯል። ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ ለጣሊያንኛው ስላልበቃ ተለጥጦ የአንዷን ሴት ፀጉር በልቶታል። ቀለሙ ከመስመሩ አልፎ ጉንጯ ላይ ፈሷል። አሜሪካ ሐምራዊ ለባሽ የነበረው ፋንተም፣ የሊ ፎክ ጀግና፣ ደግሞ ጣሊያን ሲገባ ቀይ ለብሷል። ታዲያ ምን ይሁን? በዚያ ቀይ ልብስ ያደገ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ሐምራዊውን ቢያሳዩት «ይኼ ደግሞ ማነው?» ነው የሚለው። ልጅ የሚያስታውሰው ያነበበውን እንጂ ሠዓሊው ያሰበውን አይደለም። ጥራት፣ ጥራት የሚሉን ሰዎች ከዚህ በላይ መልስ አያሻቸውም።

የባሰው ግን መግቢያው ስለ ድሮው የጣሊያን ኮሚክ «ወርቃማው ዘመን» የሚላት ነገር ናት። ጎርደንን ለጣሊያን ልጆች ያስተዋወቀው የፍሎረንሱ ሳምንታዊ «ላቨንቱሮዞ» መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1934 ነው። ወልወል ላይ በጣሊያንና በእኛ ወታደሮች መካከል ተኩስ የተከፈተው በዚያው ዓመት ዲሴምበር 5። ሁለት ወር እንኳ አይሞላም! ጎርደን በፕላኔት ሞንጎ ጨካኙን ሚንግን ሲገጥም እያነበበ የተደሰተ ጎረምሳ፣ በዓመቱ ጠመንጃ ተሸክሞ ምጽዋ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ሞንጎ እኛ ነበርን። እ.ኤ.አ. በ1938 የሙሶሊኒ መንግሥት ራሱ ተነሥቶ የአሜሪካን ኮሚኮች ከለከለ፤ ሚኪ ማውስ ብቻ ለጊዜው ምሕረት አገኘ። የወርቁ ዘመን አራት ዓመት ብቻ መሆኑ ነው፤ በመካከሉ ደግሞ የእኛ ደም አለበት።

መግቢያው ስለ ቀለም እድሳት ገጽ በገጽ ሲተነትን ስለዚህ ደም አንድ መስመር አልተረፈውም። ሥዕሉን ግን አልጠላሁትም፤ ሬይመንድ ምን በደለ? ወዳጄን ሁለተኛውን ቅጽ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ፤ መግቢያውን እዚያው ቀዶ።