ከምን ጋራ?

በቀፊራ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት፣ ካሜራ የደቀነባቸውን ወጣት፣ «ልጄ፣ መልኬን የምትወስደው ከምን ጋራ ልታኖረው ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ወጣቱ ሳቀ፤ እኔ ግን አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ።

አንባብያን ሆይ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኀብ በአገሩ ቴሌቪዥን ባሳየ ጊዜ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሸሸገውን እውነት ገለጠ፤ ለተራቡትም ብዙ ርዳታ ተሰበሰበ። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ነገር ግን የታየው እንደ ተቀረጸው አልነበረም። ደርግ በሚሞቱት ሰዎች መካከል፣ በሌላ ስፍራና በሌላ ጊዜ የተነሣውን የቤተ መንግሥት ግብዣና ሥጋ የሚጎርሱትን ውሾች አስገባበት። ረኀቡም እውነት፣ ግብዣውም እውነት ነው፤ ያጋጠማቸው ግን መቀስ ነው። በሐሰት መመስከር በአንደበት ብቻ የሚፈጸም ይመስለን ነበር! እርግጥ ረኀቡን መሸሸግ ከዚህ የከፋ በደል መሆኑን አልክድም። ሆኖም የልጇ ሞት ከማን ማዕድ አጠገብ እንደሚቀመጥ ያችን የወሎ እናት የጠየቃት አልነበረም።

የቀፊራዋ እናት መልስ ሳያገኙ በርበሬያቸውን ይሰፍሩ ጀመር፤ ወጣቱም ካሜራውን አላወረደም።