ብልሃት ከነምክንያቱ

ሰው በእጁ ያለውን ዕቃ ከአገሩ ጠባይ ጋር ለማስማማት የሚመታውን መላ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ አማርኛ «ብልሃት» ይለዋል። የባትሪን ዕድሜ ማራዘም፣ የስልክን ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማስኬድ፣ ለላቲን ፊደል የተሠራን መሣሪያ አማርኛ ማስጻፍ በዚህ ስም የሚጠሩ ሥራዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹም ዕቃ መነካካት የሚወድ ሰው ከመደበኛ ሥራው በተረፈው ጊዜ ያገኛቸው ናቸው። እነዚህ ብልሃቶች ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፉ ምክንያታቸውን ይዘው ካልሄዱ፣ በተወለዱበት ቦታ የረዱትን ያህል በደረሱበት ቦታ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ስለዚህም ማካፈል ሙሉ የሚሆነው «እንዴት» የሚለው «ለምን» ከሚለው ጋር አብሮ ሲነገር ነው።

ይህን ለመመርመር የሊማሊሞ አካባቢ የተመቸ ነው። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ስትሆን፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን እየፈለፈሉ ያወጡት የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ከእርሷ ተነሥቶ መኪናን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋው ብርድ ወደ ዛሪማ ቆላ ያወርዳል። ባትሪ ብርድንም ሙቀትንም የማይወድ ዕቃ በመሆኑ፣ በዚህ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌርና ረዳት በአንድ ቀን ሁለት ተቃራኒ ችግሮች ይገጥሟቸዋል።

ከሁሉ የቆየው ብልሃት የባትሪ ድንጋይን ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ድንጋይ የተባለው ይህ ደረቅ ባትሪ ከውጭ የዚንክ ቆርቆሮ፣ ከመሐል የካርቦን ዘንግ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ የሚባል ጥቁር እርጥብ ዱቄት የያዘ ነው። የራዲዮው ድምፅ ሲሰልል ድንጋዩ ከሆዱ ይወጣና ደጅ ላይ ፀሐይ እንዲመታው ይደረጋል፤ አንዳንዱም በጥርሱ ነከስ አድርጎ ጎድጎድ ያደርገዋል፤ ተመልሶ ሲገባ ራዲዮው ለአንድ ዜና ያህል አጥርቶ ይናገራል። ይህ ተአምርም ከንቱ እምነትም አይደለም። ሙቀቱ በውስጡ የቀረውን ኬሚካል ያፈጥነዋል፣ ማረፉ የተጠራቀመውን ዝቃጭ እንዲበተን ጊዜ ይሰጠዋል፣ ንክሻው ደግሞ የላላውን ዱቄት ከካርቦኑ ዘንግ ጋር መልሶ ያገናኘዋል። አዲስ ኃይል አይጨመርም፤ በውስጡ ቀርቶ መውጫ ያጣው ይወጣል እንጂ። ሌሊቱን በብርድ ደንዝዞ ያደረ ድንጋይ በረፋድ ፀሐይ መነቃቃቱም ከዚሁ የመጣ ነው።

ጥፋቱ የሚጀምረው ይኸው ልማድ ምክንያቱን ትቶ ወደ ስልክ ሲሻገር ነው። የስልክ ባትሪ ሊቲየም አዮን የሚባል፣ እየተሞላ ደጋግሞ የሚያገለግል ሌላ ዓይነት ባትሪ ሲሆን፣ ሙቀት ዕድሜውን ይበላዋል፣ ያሳብጠዋል፤ መነከስ ወይም መወጋት ደግሞ ሁለቱን ዋልታዎች የሚለየውን ስስ ወረቀት መሰል ሽፋን ቀድዶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግም ሌላ ጉዳት አለው፤ ሊቲየሙ ወደ ማደሪያው መግባት ተስኖት በላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል፣ የተለጠፈውም በቀላሉ አይመለስም። እንግዲህ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ማስጣት ለምን እንደሠራ የሚያውቅ ሰው ስልኩን ከመኪናው መስታወት ሥር ካለው ፀሐይ ያነሣዋል፤ የማያውቀው ግን የአባቱን ብልሃት በታማኝነት እየፈጸመ ስልኩን ይገድላል። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ከ3,200 ሜትር በላይ በሚገኘው ሳንቃበር ውርጭ በሚጥልባቸው የበጋ ሌሊቶች ለሚያድር ሰው የሚበጀው ስልኩን ከጋቢው ሥር ከገላው አስጠግቶ ማሳደርና ፍላይት ሞድ ላይ ማድረግ ነው፤ ምክንያቱም ኔትወርክ የራቀው ስልክ አንቴና ፍለጋ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክም ያድራል።

ሁለተኛው ምሳሌ የሰዓት ነው፤ ከባትሪው ይልቅ የጠለቀ አገራዊ ጉዳይም አለበት። ከደባርቅ መናኸሪያ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ለሚነሣ መንገደኛ፣ 6 ሰዓት ብሎ የሚነግረው ስልክ በባዕድ ቋንቋ እንደሚያናግረው ነው። ብዙ ሰው ችግሩን የሚፈታው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ሰዓቱን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ በመመለስ ሲሆን፣ አንዳንዱም ዓመተ ምሕረቱን ጭምር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ድረ ገጾች አልከፈት ይላሉ፣ ዋትስአፕ ቀኑ የተሳሳተ መሆኑን እያስታወቀ አልሠራም ይላል፤ ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ዲጂታል የምስክር ወረቀት የሚጸናው በተወሰነ ቀን መካከል ስለሆነ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ በሄደ ስልክ ዘንድ ምስክሩ ገና አልተወለደም።

የተሻለው ብልሃት ሰዓቱን ሳይነኩ የሰዓት ሰቅ የሚባለውን፣ ማለትም ስልኩ የትኛው አገር እንዳለ የሚቆጥርበትን ክፍል ብቻ መቀየር ነው። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ ቦነስ አይረስ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በትክክል ስድስት ሰዓት ነው። አውቶማቲክ ሰዓቱን እንዳለ ትቶ፣ አውቶማቲክ ሰቁን ብቻ አጥፍቶ ቦነስ አይረስን የመረጠ ሰው፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት 1:00 ያነባል፤ ስልኩ በውስጡ የሚያውቀው የዓለም ሰዓት ስላልተዛባም ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ይሠራል። ከዚህም የሚያስደስተው፣ ስልኩ ቀኑን የሚለውጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው፤ ሕዝቡ በዕለት ተዕለት አነጋገሩ ቀን ነጋ የሚለው በዚያው ሰዓት ነውና። ለፓርኩ አስጎብኚም ቱሪስት በራሱ አቆጣጠር መዝግቦ የላከለት ቀጠሮ ስልኩ ላይ በሐበሻ ሰዓት ተለውጦ ይታየዋል።

ምክንያትን አብሮ የማካፈል ዋጋ በሰፊው የታየው ግን በፊደል ታሪክ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕራይተር ሲሠሩ ጥቂት ቁልፎች ብዙ ሆሄያትን እንዲያወጡ ምልክቶችን ከፊደሉ ጋር በማያያዝ ተጠቅመዋል። በኮምፒውተር ዘመን ችግሩ በሌላ መልክ መጣ፤ የዘመኑ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ሲኖረው፣ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹም አሉ። እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ ፊደሉን በራሱ ቅደም ተከተል ስለደረደረ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። ሁሉም ብልሃተኞች ነበሩ፤ ያልነበረው የጋራ ሠንጠረዥ ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ሆሄ የመጻፊያ ሥርዓታቸውን፣ ሴራ የተባለውን፣ ደንቡን ዘርዝረው ለሁሉም ክፍት አደረጉት፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የዓለም ጽሕፈቶች ሁሉ የጋራ ኮድ የሆነው ዩኒኮድ በሦስተኛ እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል 384 ቦታ ለየ። ዛሬ በደባርቅ የተጻፈ የአማርኛ መልእክት ዋሽንግተን ላይ ሳይበላሽ የሚነበበው ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ብልሃቱ እንጀራው የሆነ ሞባይል ጠጋኝ ምክንያቱን ቢያካፍል ምን ይተርፈዋል የሚል ነው። ተቃውሞው በታሪክም የተደገፈ ነው። በሰሜንና በወገራ ብረት ሲቀጠቅጡና ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ሙያቸውን በቤተሰብ ውስጥ የያዙት የጎረቤቱ ንቀትና ፍርሃት ከውጭ ስለዘጋባቸው ጭምር ነው፤ ስድቡ በአገሩ ሁሉ የጸና ስለነበርም አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። የተናቀ ሰው ምስጢሩን ቢይዝ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የቻርጀር መሰኪያ ለምን እንደሚላቀቅ ማወቅና በማጉያ መነጽር ሥር፣ የሩዝ ፍሬ የማያክለውን የብረት እግር ከማዘርቦርዱ ላይ በብየዳ መልሶ ማስያዝ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛው በቃል አይሰጥም፣ ደንበኛውም የሚከፍለው ለእርሱ ነው።

ዛሬ ብልሃት የሚጓዘው በአብዛኛው በቴሌግራምና በአጭር ቪዲዮ ነው፤ የደቂቃው ቪዲዮም ቀድሞ የሚቆርጠው «ለምን»ን ነው። የቦነስ አይረሱ ብልሃት እንዲህ ተቆርጦ ዋሽንግተን ለሚኖርና ሰዓቱን እንደ አገር ቤት መቁጠር ለሚፈልግ ዘመድ ቢላክ፣ ዘመዱ የታዘዘውን ከተማ መርጦ የተሳሳተ ሰዓት ያገኛል። «ካለህበት አገር ሰዓት ላይ ስድስት ሰዓት ቀንስ» የሚለው አብሮ ከደረሰው ግን፣ ዋሽንግተን ከግሪንዊች አምስት ሰዓት ወደ ኋላ በምትሆንባቸው ወራት አሥራ አንዱን ቆጥሮ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ያለችውን ፓጎ ፓጎን ይመርጣል፤ አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ወደ ፊት ስትገፋ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ሆኖሉሉ ይዛወራል።