የኩላሊት እጥበት ሕሙማን የሥነ ልቦና ጫናና ማኅበራዊ ኑሯቸው

በኩላሊት እጥበት ሕክምና የተለመደው አሠራር በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም ለአራት ሰዓት ያህል ደምን በማሽን ማጣራት ነው። በካፋ ዞን ጨና ወረዳ፣ ዋጫ ከተማ ለሚኖር ሕመምተኛ ግን ነገሩ በአራት ሰዓት አያበቃም። ሕክምናውን ለማግኘት ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ እጥበት መጀመር ማለት እርሻንና ጎረቤትን ትቶ በሌላ ከተማ ቤት መከራየት ሊሆን ይችላል። በአቅም ማነስ ሳቢያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታጠቡም ጥቂት አይደሉም።

ስለ ወጪው ብዙ ተብሏል። ሕመምተኛው ከሰው መሃል ቀስ በቀስ የሚርቅበት ምክንያት ግን የዚያን ያህል አልተነገረለትም።

ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ሽንት እጅግ ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይቆማል። የተጠጣው ፈሳሽ እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ በሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም እብጠትና የትንፋሽ ማጠር ያስከትላል። በመሆኑም ውኃውም፣ ሻዩም፣ ቡናውም በልክ ይሆናል። የቡና መገኛ በሆነችው ካፋ ደግሞ የቀረበን ሲኒ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም፤ አቦሉን ቀምሶ ከቶናና ከበረካ የሚቀር ጎረቤት እንደ ኮራ ወይም እንደ ተቀየመ ሊቆጠር ይችላል። ሕመምተኛው በየቤቱ ማስረዳት ሲታክተው ከጥሪው ራሱ ይቀራል። ለእጥበት የደም ሥር የተዘጋጀለት ክንዱ ከባድ ነገር ማንሳት ስለሌለበትም ከደቦ ይርቃል። ይህም ለማያውቅ ሰው ስንፍና ይመስላል።

ከብት ተሸጦ የሚታከም አባወራ ለልጆቹ ሸክም የሆነ ያህል ይሰማዋል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተስፋ ቢሆንም፣ ለጋሹ ከቤተሰብ የሚገኝ በመሆኑ ወንድምን ወይም እህትን «ኩላሊትህን ስጠኝ»፣ «ኩላሊትሽን ስጪኝ» ማለት ለብዙዎች ከሕመሙ ይከብዳል።

ድብርት በነዚህ ሕሙማን ዘንድ የተለመደ ሲሆን በቀላሉ አይለይም። እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና ድካም የኩላሊት ሕመሙም ምልክቶች ስለሆኑ ሁሉም ለኩላሊቱ ይሰጣል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ደግሞ ቀጠሮ ይዘላል፤ የተዘለለ እጥበት ለሕይወት ያሰጋል። ጸበል መጠመቅ ለመንፈስ ብርታት የሚሰጥ ቢሆንም በእጥበት ቀን ምትክ ሊሆን አይገባም፤ በፈሳሽ ልክ ላይ ያለ ሕመምተኛ ጸበል ከመጠጣቱ በፊትም ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።

ተገልጋዮች በእጥበት ቀጠሯቸው ስለ ስሜታቸው በግልጽ በመናገር ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲመሩ መጠየቅ ይችላሉ፤ መጠየቁም የእብደት ምልክት አይደለም። ሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ካለው ስለ ማረፊያና ስለ ወጪ ድጋፍ ማነጋገር ይጠቅማል። አስታማሚው ከሐኪሙ ጋር በሚደረገው ውይይት ቢገኝ መልካም ነው፤ የባሕርይ ለውጡን አስቀድሞ የሚያየው እርሱ ነውና። ሕመምተኛው ከፈቀደም የፈሳሹን ልክ ለቅርብ ጎረቤትና ለእድር ጓደኞች የሚያስረዳው ቤተሰብ ቢሆን ይመረጣል። ያን ጊዜ ግማሽ ሲኒ ይቀዳለታል፤ ከቡናው ጨዋታም አይቀርም።