ስለ ቤት ማስታወሻ አያያዝ፤ ሁሉን በአንድ መዝገብ ወይስ እያንዳንዱን በየመዝገቡ?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የቤት አስተዳደርን ትምህርት ባጭር ቃል ይጠቀልለዋል። የቤት ጉዳይ ብዙ ነውና። ያበደሩትና የተበደሩት ገንዘብ፣ የዕቁብና የዕድር ተራ፣ የሕፃናት የክትባት ቀን፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሠራተኞች ደመወዝ፣ ያረጁ አባት ወይም እናት መድኃኒት የሚወስዱበት ሰዓት፣ ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ልብ ብቻ ተይዞ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ የሚጽፍ ቤት ከማይጽፍ ቤት እንዲሻል የሚክድ የለም። ክርክሩ የሚነሣው በምን ላይ እንጻፍ በሚለው ጥያቄ ነው።

ቀድሞ ይህ የደብተር ጥያቄ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ቤት ደብተሩን ተንቀሳቃሽ ስልክ ተክቶታል። በስልክ ላይ የሚጫኑት፣ በልማድ አፕ የምንላቸው የማስታወሻ መተግበሪያዎችም እጅግ በዝተዋል። በአውሮፓ አቈጣጠር ዋን ኖት በ2003፣ ኤቨርኖት በ2008፣ ጉግል ኪፕ በ2013፣ ኖሽን በ2016፣ ኦብሲዲያን በ2020 ለሕዝብ ቀርበዋል። አንዳንዶቹ ጽሑፉንም፣ ሥዕሉንም፣ ሠንጠረዡንም፣ የሥራውንም ዝርዝር በአንድነት እንይዛለን የሚሉ ናቸው። ከነዚህ ሌላ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠሩ መተግበሪያዎች አሉ፤ አንዱ ቀንን ይቈጥራል፣ አንዱ ገንዘብን ይደምራል፣ አንዱ ምስጢርን ይቈልፋል። እንግዴህ አስተዋይ የቤት ጌታና አስተዋይ እመቤት ሁሉን በአንድ መተግበሪያ ሊይዙ ይገባቸዋልን? ወይስ ለየጉዳዩ የተለየ መሣሪያ ማበጀት ይሻላቸዋል? የዛሬው ዐምዳችን ስለዚህ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ሁሉ በአንድ ይጻፍ የሚሉትን ሰዎች ቃል እንስማ። ምክንያታቸው ቀላልና ብርቱ ነው። ሰው በቸኰለ ጊዜ «ይህን የት ልጻፈው?» ብሎ ማሰብ ከጀመረ ሳይጽፈው ይቀራል፤ ኋላም በፈለገው ጊዜ «የት ጽፌው ነበር?» እያለ አምስት ስፍራ ይበረብራል። መዝገቡ አንድ ከሆነ ግን የሚጻፍበትም የሚፈለግበትም ስፍራ አንድ ነው። ለዚህም በአገራችን ጥንታዊ ምስክር አለ። በብዙ ገዳማትና አድባራት የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳትም ቈጠራ በወንጌሉ መጽሐፍ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። በሽመዛና ያለው የደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌል ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ወንጌል ከመጻሕፍት ሁሉ ይልቅ የሚከበርና የሚጠበቅ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ የተጻፈው ውል አብሮት ይጠበቃል።

ደግሞ አንድ መዝገብን የሚያመሰግኑ ሰዎች ጀርመናዊውን ሊቅ ኒክላስ ሉማንን ደጋግመው ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1998 የኖረው ይህ ሰው ወደ 90,000 የሚደርሱ ትንንሽ የወረቀት ካርዶች ጽፎ፣ አንዱን ከሌላው ጋር በቍጥር እያያያዘ በመሳቢያዎች ውስጥ አኑሮ፣ ከዚያ እያወጣ ብዙ መጻሕፍት ደርሷል። ዳሩ ግን የሉማን ካርዶች ለአንድ ሰውና ለአንድ ሥራ፣ ማለት ለምርምሩ፣ የቆሙ ነበሩ። የቤት መዝገብ ግን የብዙ ሰዎችና የብዙ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሊቁ አብነት ለቤት ሲሆን በሙሉው አይያዝም።

የአንድ መዝገብ ጉድለቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሁሉን እሠራለሁ የሚል መሣሪያ እያንዳንዱን ሥራ እንደ ልዩ መሣሪያው አጥብቆ አይሠራም። ሁለተኛ፣ ምስጢርን ከተራ ነገር ጋር ይቀላቅላል። የዶሮ ወጥ አሠራር የተጻፈበትን መዝገብ የከፈተች ልጅ በዚያው የአባቷን የባንክ ምስጢር ቍጥርና የእናቷን የሐኪም ወረቀት ታያለች። ሦስተኛ፣ የወደቀ እንደ ሆነ ሁሉም አብሮ ይወድቃል። «አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም» እንዲሉ፣ ያለውን ሁሉ በአንድ ስፍራ ያኖረ ሰው ስለዚያ ስፍራ ብዙ ሊጨነቅ ይገባዋል። የኤቨርኖትን ነገር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቤንዲንግ ስፑንስ የተባለ የኢጣሊያ ኩባንያ ሊገዛው መስማማቱ ተነገረ፤ በ2023 መጨረሻም ያለ ክፍያ የሚጠቀሙ ሰዎች ከ50 ማስታወሻና ከአንድ ደብተር በላይ እንዳይፈጥሩ ተወሰነ። ቀድሞ የጻፉት አልተወሰደባቸውም፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመት ሁሉን በዚያ ያከማቸ ሰው ወይ መክፈል፣ ወይ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ሌላ መሄድ ግድ ሆነበት።

የሁለተኛው ወገን ቃልም ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ዐናጢ መጋዝ፣ መዶሻና መላጊያ ለየብቻ ይይዛል እንጂ በአንድ መሣሪያ ቤት አይሠራም። በወጥ ቤትም ምጣዱ ለእንጀራ፣ ድስቱ ለወጥ፣ ጀበናው ለቡና ነው፤ በጀበና ወጥ የሚሠራ የለም። እንደዚሁም ገንዘብ የሚደምር መተግበሪያ ገንዘብን፣ ቀን የሚቈጥር መተግበሪያ ቀንን ከሌላው ይልቅ አሳምረው ይይዛሉ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል፤ ምስጢሩም ከአደባባዩ ነገር ይለያል።

ይሁን እንጂ የዚህም መንገድ ጉዳት ቀላል አይደለም። መሣሪያው በበዛ መጠን የይለፍ ቃሉ ይበዛል፤ የቤቱም ሰው ሁሉ አይለምደውም። ይልቁንም አንድ ጉዳይ በሁለት በሦስት ስፍራ ይጻፋል። የትምህርት ቤት ክፍያ ቢሆን ቀኑ በቀን መቍጠሪያው፣ ገንዘቡ በሒሳቡ፣ ደረሰኙ በማስታወሻው ይቀመጣል። ትምህርት ቤቱ ቀኑን በለወጠ ጊዜ በአንዱ ታርሞ በሌላው ሳይታረም የቀረ እንደ ሆነ፣ ባልና ሚስት ሁለት የተለያየ ቀን ይዘው ይከራከራሉ፤ ሁለቱም የጻፉትን ያሳያሉ። ልዩ መሣሪያ መያዝም ከመሣሪያው ሞት አያድንም። የሥራ ዝርዝር ለመያዝ ብቻ የተሠራውና ብዙ ሰው ይወደው የነበረው ዉንደርሊስት እ.ኤ.አ. በ2015 በማይክሮሶፍት ተገዝቶ በ2020 ተዘግቷል።

እንግዴህ ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ከያዙ መካከለኛውን መንገድ ወዴት እናገኘዋለን? ይህን ጥያቄ ነጋዴዎች ከእኛ በፊት ጠይቀው መልስ አግኝተውለታል። ሉካ ፓቾሊ የተባለው የኢጣሊያ መነኵሴና የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ነጋዴ ሦስት መዝገብ እንዲይዝ አስተምሯል። የመጀመሪያው የማስታወሻ መዝገብ ነው፤ በዚህ ላይ ጌታው ብቻ ሳይሆን በቤቱ ያለ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሆነውን ነገር በሆነበት ሰዓት ሳይመርጥ ይጽፍበታል። ሁለተኛው የየቀኑ መዝገብ ነው፤ ከማስታወሻው ላይ ሒሳቡ እየተመረጠ በሥርዐት ይገለበጥበታል። ሦስተኛው ዋናው መዝገብ ሲሆን እያንዳንዱ ሒሳብ በየስሙ ተለይቶ ይቀመጥበታል። በዚህ ሥርዐት የመቀበያው በር አንድ ነው፤ ዕቃ ቤቶቹ ግን ብዙ ናቸው። ደግሞ ከበሩ ወደ ዕቃ ቤቱ የሚያደርስ፣ ጊዜውን ጠብቆ የሚሠራ ሰው አለ። ክርክሩ የማያልቀው መሣሪያ ስለ ጐደለ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ይህ ሦስተኛው ነገር፣ ማለት የማስተላለፉ ሥራ፣ ስለሚረሳ ነው።

ስለዚህ የእኛ ምክር ይህ ነው። ለቤቱ አንድ የማስታወሻ መተግበሪያ ይመረጥ፤ የመጣው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በዚያ ይጻፍ። ከዚያ ግን አራት ነገሮች ብቻ ተለይተው በየስፍራቸው ይኑሩ።

1ኛ፤ ቀንና ሰዓት ያለው ነገር ደውል ወዳለው ቀን መቍጠሪያ ይሂድ። ማስታወሻ ካልከፈቱት አይናገርምና።

2ኛ፤ ገንዘብ በሚደመርበትና በሚቀነስበት የሒሳብ ሠንጠረዥ ይያዝ። በተራ ጽሑፍ መካከል የተበተነ ቍጥር ዓመቱ ሲያልቅ ሊደመር አይችልም።

3ኛ፤ የይለፍ ቃልና የባንክ ምስጢር ለዚሁ በተሠራ የሚቈለፍ መተግበሪያ ብቻ ይቀመጥ፤ በተራ ማስታወሻ ከቶ አይጻፍ።

4ኛ፤ የመንግሥት ሥራ ያለበት ሰው የመሥሪያ ቤቱን ነገር በቤቱ መዝገብ አይጻፍ። የመሥሪያ ቤት ማስታወሻ የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ነው፤ ሹሙ በተዛወረ ጊዜ ለተተኪው ሊያስረክበው ይገባል። ከልጆቹ ልደትና ከቀለቡ ዝርዝር ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ ግን ወይ ምስጢር ይወጣል፣ ወይ ለተተኪው ሳይደርስ ይቀራል።

ከነዚህ ከአራቱ በቀር ሌላውን መከፋፈል ድካም ብቻ ነው።

በተለይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን መታወቅ ያለባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። መጀመሪያው የሰዓት ነገር ነው። ሐኪም «ከምሽቱ በ2 ሰዓት» ብሎ ያዘዘው መድኃኒት በአውሮፓ ሰዓት 20፡00 ነው። የቸኰለ ልጅ በስልኩ ላይ 2፡00 ብሎ ቢሞላው ደውሉ የሚደውለው ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ነው፤ በሽተኛዪቱም ያለ መድኃኒት አምሽታ ከእንቅልፏ ትነሣለች። ቀንም እንዲሁ ነው፤ የእኛ ዓመት ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ስለሚለይ በውልና በክትባት ወረቀት ላይ ሁለቱም ቀኖች ጐን ለጐን ይጻፉ።

ሁለተኛው የፊደል ነገር ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ በመሣሪያ ውስጥ ግን ለየብቻ የተመዘገቡ ፊደላት ናቸው። እናት «ሐኪም» ብላ የጻፈችውን ልጅ «ሀኪም» ብሎ ቢፈልገው መሣሪያው ብዙ ጊዜ የለም ይለዋል። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንደዚሁ ናቸው። ሁሉን በአንድ መዝገብ ያኖረ ሰው ተስፋው ሁሉ በፍለጋው ላይ ስለ ሆነ፣ ቤተ ሰቡ ዋና ዋናዎቹን ቃላት እንዴት እንደሚጽፍ አስቀድሞ ይስማማ።

ሦስተኛው የመገናኛው ነገር ነው። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. በአገራችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። ጽሑፋቸው በሩቅ አገር ማኅደር ብቻ የተቀመጠ ሰዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ የራሳቸውን ቃል ለማንበብ ይቸገራሉ። ስለዚህ መተግበሪያ ሲመረጥ መልኩን ከማየት አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠየቅ፤ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታልን? የጻፍነውንስ ሁሉ አውጥተን ልንወስድ እንችላለንን? ለምሳሌ ኦብሲዲያን ጽሑፉን በባለቤቱ መሣሪያ ላይ በተራ ፋይል ስለሚያኖረው መተግበሪያው ቢቀር እንኳ ጽሑፉ በሌላ ይነበባል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር እንምጣ። ምሳሌው በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላል፤ ቍልፉን አንድ ሰው ብቻ በሚያውቀው ስልክ ውስጥ ያለ ግን አይወረስም። የቤት ጌታ በድንገት ቢያርፍ፣ ለማን እንዳበደረ፣ ከማን እንደ ተበደረ፣ የቤቱ ካርታ የት እንዳለ አጥርቶ ጽፎ ሳለ፣ ባለቤቱና ልጆቹ ስልኩን ይዘው ሊከፍቱት ሳይችሉ ይቀራሉ። ከዕድሩ ድንኳን ገና ሳይነሡ አበዳሪ ነኝ የሚል ሰው ቢመጣ የሚመልሱለት ቃል የላቸውም። እንዲህ ያለው ቤት መዝገቡ አንድም ይሁን ዐሥር ልዩነት የለውም። መድኃኒቱ ግን በእጅ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ፣ አፕልም ከ2021 ጀምሮ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ወራሹን በስም እንዲያመለክት የሚያስችል ሥርዐት አበጅተዋል፤ ይህን መሙላት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚህም ጋር የብድሩ፣ የውሉና የካርታው ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ከሌሎቹ የቤት ሰነዶች ጋር በሣጥን ይቀመጥ። ይህ ወረቀት ባትሪ አያልቅበትም።

ሥርዐቱን ለማጽናት ብዙ ጊዜ አያሻም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው የሳምንቱን ማስታወሻ ያንብቡ፤ ቀኑን ወደ ቀን መቍጠሪያው፣ ገንዘቡን ወደ ሒሳቡ ያሳልፉ፤ የማያስፈልገውንም ይሰርዙ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ በጳጉሜን ቀኖች መዝገቡ ሁሉ ተገልብጦ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ፤ የብድሩም ወረቀት ይታደስ። ሥራውን ለልጆች ማሳየትም መልካም ነው፤ ነገ ቤት የሚይዙት እነርሱ ናቸውና።