ማውሱ ተመዝግቧል፣ ፋይሉስ?

ባለፈው ወር አንድ ዘመዴ ደወለልኝ። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉ የመንግሥት መስሪያ ቤቶች በአንዱ ይሠራል። የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ ነገሩ የአንድ መስሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለምና። «ኮምፒውተር ተቀይሮልኝ ነበር፤ ፋይሎቹ ግን አበዱብኝ። እስቲ ብቅ በል» አለኝ። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ዲግሪዬም በሌላ ነው። ግን እኛ አካባቢ ጋዜጠኛ ማለት ላፕቶፕ የያዘ ሰው ነው፤ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ደግሞ ኮምፒውተር መጠገን አያቅተውም ተብሎ ይታመናል። ሄድኩ።

አዲሱ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብሏል፤ ስክሪኑ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ እንኳ አልተነሳም። ዘመዴ አንዱን የዎርድ ፋይል ከፈተው። ገጹ በሙሉ የፈረንጅ ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ ነጠብጣብ። ሰንጠረዡ አለ፤ ተራ ቁጥሩም አለ። ስም በነበረበት ቦታ ላይ ግን የሚነበብ ነገር የለም።

ፋይሉ በ2014 ጦርነት ንብረታቸው የወደመባቸውና የተዘረፈባቸው ሰዎች ዝርዝር ነው። ያኔ ኮሚቴ ተዋቅሮ ቤት ለቤት እየዞረ የመዘገበው። በሩ አጠገብ አንዲት እናት ቆመዋል፤ ስማቸው በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን የሚገልጽ ማስረጃ ፈልገው ነው የመጡት። «ስሜማ አለ፤ ራሴ ነኝ ያስመዘገብኩት። ሁለት በሬና የቤቴን ቆርቆሮ» ይላሉ። ዘመዴ «አብሽሩ እናቴ፣ ፋይሉ አለ፤ አልነበብ ብሎ ነው» ይላቸዋል። እስቲ ይህንን አስረዷቸው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልናገር። ዛሬ በስልካችን የምንጽፈው አማርኛ ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ስሪት 3.0 ነው። በዚህ ሥርዓት «ሀ» የራሷ ቁጥር አላት፤ የትም ማሽን ላይ «ሀ» ናት። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ግን፣ ቢሮዎቻችን የሚጽፉት በፓወር ግእዝ፣ በቪዥዋል ግእዝ፣ በአጋፋሪና በመሳሰሉት ነበር። ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ አማርኛ ኮምፒውተር ላይ ለመውጣት ስንት ዓመት በጠበቀ። የሚሠሩት ግን በብልሃት ነበር። የላቲን ፊደል በሚቀመጥበት ቦታ ላይ የአማርኛውን ቅርጽ ያስቀምጣሉ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል መጻፉን ነው፤ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየን ፎንቱ ነው። ቦታው ደግሞ 256 ብቻ ስለሆነ ለፊደላችን አይበቃም፤ ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን በተለያዩ ፎንቶች ከፋፍሎ፣ አንዳንዱ ቅጥያውን ለብቻው እያስቀመጠ ይሠራ ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት፣ ያ ሁሉ ብልሃት ይቀርና ከሥሩ ያለው የላቲን ዝብርቅ ብቻ ይታያል።

ኮምፒውተሩን የቀየረው ልጅ «ዴስክቶፕ»ንና «ዶክመንትስ»ን በፍላሽ ገልብጦ አመጣ። ፎንቱን አላመጣም። አልፈርድበትም፤ «ፋይል አዛውር» ተባለ እንጂ «ፎንት አዛውር» ያለው የለም። ይህቺ «መገልበጥ» የምትባል ቃላችን ሁሌም ትገርመኛለች። መቅዳትም ናት፣ መድፋትም ናት። እዚያ ቢሮ ሁለቱም በአንድ ቀን ተደረገ።

«ታዲያ ፎንቱን ከሌላ ቦታ አምጥታችሁ አትጭኑም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሞክረናል። ሐይቅ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ፎንት በፍላሽ አምጥተን ጫንን። አማርኛ መጣ፤ የማንም ቋንቋ ያልሆነ አማርኛ። ምክንያቱም የአንዱ ፕሮግራም «በ» የተቀመጠችበት ቦታ ላይ የሌላው «ጨ» ትኖራለች። የትኛው ፕሮግራም፣ የትኛው ስሪት እንደነበር የምታውቀው ጸሐፊዋ ናት። እሷ ደግሞ በዝውውር ሄዳለች።

ስለዚህ አሮጌውን ኮምፒውተር ፍለጋ ንብረት ክፍል ወረድን። እዚያ ወረቀቱ ሁሉ ልክ ነው። አዲሱ በሞዴል 22 ወጪ ሆኗል፣ አሮጌው በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል። ሲስተም ዩኒት 1፣ ሞኒተር 1፣ ኪቦርድ 1፣ ማውስ 1። መለያ ቁጥር፣ ፊርማ፣ ማኅተም። ገመዱ የተላጠው ማውስ እንኳ በስሙ ተመዝግቧል። ሲስተም ዩኒቱ ውስጥ ያለው የስምንት ዓመት ሥራ ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። ያ ሥራ በማንም እጅ ገቢ አልሆነም፤ ስለዚህ ቢጠፋ የሚጠየቅ ሰው የለም። ማውሱ ቢጠፋ ግን ከደመወዝ ይቆረጣል።

የእኔ ሙግት ይህ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ሲቀየር ርክክብ የምናደርገው ለብረቱና ለፕላስቲኩ ነው። ርክክቡ ላይ አንድ ተጨማሪ ገጽ ይግባ፦ ምን ምን ፋይል ነበረበት፣ በምን ፕሮግራምና በምን ፎንት ተጻፈ፣ ሁለተኛው ቅጂ የት ተቀመጠ፣ አዲሱ ማሽን ላይ ከፍቶ ያነበበው ማን ነው። ከፍቶ ያነበበ ሰው ሳይፈርም አሮጌው ማሽን ፎርማት አይደረግ፣ ለጨረታም አይውጣ። በጀት አይጠይቅም። አንድ ገጽ ወረቀትና የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ደግሞ ውጫሌ ላይ ሆኖ «ቅጂው ያው ነው» ብሎ ሳያነብ የሚፈርም ሰው ያስቀኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው ውል፣ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ጽሑፍ አንቀጽ 17 ላይ ባለመግጠማቸው አገሩን የት እንዳደረሰ የአምባሰል ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ለምን ይህንን አነሳህ ካላችሁ፣ ጊዜው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለውንም አይቀበልም። ሱቆች «ፎርዝ ጄኔሬሽን»፣ «ሲክስዝ ጄኔሬሽን» እያሉ የሸጡልን ሁሉ ከመስመር ውጪ ነው ማለት ነው። መቼም ሁሉም በአንድ ጊዜ አይቀየርም፤ እኛ ጋ ዊንዶውስ 7 እስከዛሬ በሰላም ይሠራል። ግን ቅያሪው መጀመሩ አይቀርም፤ በእያንዳንዱ ቅያሪ ደግሞ አንድ የሆነ ነገር ይቀራል።

የሚቀረው ፎንት ብቻ አይደለም። ፋይል ይገለበጣል፤ ፕሮግራም ግን አይገለበጥም። የሒሳብ ሠራተኞች በደንብ ያውቁታል። ፒችትሪ 2010 ዛሬም የስንቱን ድርጅት ሒሳብ እንደተሸከመ ነው። የፕሮግራሙን ፎልደር ገልብጠህ አዲሱ ላይ ብታስቀምጠው አይነሳም፤ እንደገና መጫን አለበት። መረጃው ደግሞ ከራሱ ከፕሮግራሙ ውስጥ ባክአፕ ተደርጎ ወጥቶ፣ አዲሱ ላይ ሪስቶር መደረግ አለበት። ከፍ ባለ ስሪት ከከፈትከውና ከለወጠው ወደ አሮጌው አይመለስልህም። ማይክሮሶፍት ራሱ በዊንዶውስ 7 ዘመን «ኢዚ ትራንስፈር» የሚባል ማዛወሪያ ነበረው፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ቀረ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የዛሬ አምስት ዓመት ግድም ደሴ ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ከአሮጌው «ዶክመንትስ»ን ገለበጥኩ፣ ፎቶዎቼን ገለበጥኩ፣ አሮጌውን ፎርማት አድርጌ ለእህቴ ሰጠኋት። ከሁለት ወር በኋላ አንድ የአምባሰል ሽማግሌ ስለ ድሮው የገበያ መንገድ ያጫወቱኝን ቅጂ ስፈልግ አጣሁት። ሁለት ሰዓት ያህል ነበር። ለካ ከስልኬ በቴሌግራም ልኬው «ዳውንሎድስ» ውስጥ፣ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ነበር የተቀመጠው። ያንን ፎልደር ከፍቼ ማየት አልመጣልኝም። ቴሌግራሙ ላይ ያለውን ደግሞ ቦታ ያዘብኝ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ሽማግሌው አሁን በሕይወት የሉም።

ሁለት መልስ ሁሌም ይሰጠኛል። አንደኛው «ወረቀቱ አለ አይደል» ነው። በ2014 በደቡብና በሰሜን ወሎ ስንት መስሪያ ቤት፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት እንደተዘረፈ ያየ ሰው ይህንን አይልም። ወረቀቱም፣ ኮምፒውተሩም አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ አብረው ሄዱ። ሁለተኛው «ክላውድ ላይ ማስቀመጥ ነው» ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜ ካልቆጠርነው። በዚያ ላይ ዋንድራይቭ በነጻ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ነው። ክላውድ ይኑር፤ ግን ብቻውን አይበቃም።

የሚበቃው ምን እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐይቅ እስጢፋኖስ እዚሁ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን የመጻሕፍት ቤት አደረጉት። በእሳቸው ስም የሚጠራው ወንጌል እስከዛሬ አለ፤ በዚያው ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፏል። ልብ በሉ፤ የዘረዘሩት የሣጥኑን ብዛት አይደለም፣ መጻሕፍቱን ነው። ከዚያ ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ፤ የሐይቅ መጻሕፍትም ተነሡ። ያ ወንጌል በዚያ ስብስብ ቁጥር 1832 ነው። አንዱ የፊልም ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ተቀምጠው፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በየብራናው ውስጥ ምን እንዳለ አንድ በአንድ አነበቡ፣ ካታሎግ አወጡ። ፊልሙም በተራው ወደ ዲጂታል ተዛወረ። ይኸው ነው፦ ዝርዝር፣ ሌላ ቦታ ያለ ቅጂ፣ ከፍቶ የሚያነብ ሰው።

ለእናንተ ለራሳችሁ ኮምፒውተር የምለው አጭር ነው። አሮጌውን ከመስጠታችሁ በፊት የዊንዶውሱን የፎንት ፎልደር ሙሉውን ገልብጡት፤ ትንሽ ነው፣ ፍላሽ ላይ ይገባል። የድሮ ሰነዶቻችሁን አሮጌው ማሽን ላይ እያላችሁ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ጊዜ ሲኖራችሁ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ ቀይራችሁም ስሞቹን ደግማችሁ አንብቡ፣ «ጸ» እና «ፀ» መሳከራቸው አይቀርም። ፍላሹን የሾርትከት ቫይረስ እንዳይበላው ሁለት ቦታ ይሁን። አሮጌውን ደግሞ ቢያንስ ሁለት ወር ሳትነኩ አቆዩት። የረሳችሁት ነገር ትዝ የሚላችሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ለጨረታ ስለሚወጡት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ያ ዝርዝር የሰው ስም፣ ቀበሌ፣ የንብረት ግምት የያዘ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንኳ፣ ሃርድ ዲስኩ ከነሆዱ ለተጫራች ሲሰጥ «ቆይ» የሚል አላየሁም። ሳይቀዳ መጥፋቱ አንድ በደል፣ ሳይጠፋ መሸጡ ሌላ በደል።

ወደ መጋዘኑ ልመለስ። የንብረት ክፍሉ ሰው «ወንድሜ፣ ያለ ደብዳቤ አላወጣም» አለን። ትክክል ነው፤ ሥራው ነው። ደብዳቤው አራት ቀን ፈጀ። በአምስተኛው ቀን አሮጌውን አውጥተን፣ መብራት እስኪመጣ ጠብቀን ሰካነው። ተነሣ። ቪዥዋል ግእዝ ነበር። ፎንቶቹን ወስደን አዲሱ ላይ ስንጭን ገጹ እንደ ድሮው አማርኛ ሆነ። የእናትየው ስም ተራ ቁጥር 87 ላይ አለ፦ በሬ 2፣ ቆርቆሮ 40።

ማሽኑን መልሰን ስናስገባ ከአጠገቡ ሌሎች አሥራ አንድ ሲስተም ዩኒቶች ተደርድረዋል፤ ጀርባቸው ላይ ለጨረታ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውስጣቸው ምን እንዳለ ልናይ እንችል እንደሆን ዘመዴ ጠየቀ። ሰውዬው ደብዳቤውን አገላብጦ አየና «የተጻፈልኝ ለአንዱ ነው» አለው።