የመሬት መንቀጥቀጥ፦ ከፈንታሌ እስከ ከተሞቻችን ያሳየንና የተገልጋዮች ጥያቄዎች

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች፣ እንዲሁም በኦሮሚያ ክልል በፈንታሌ ወረዳ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ መከሰቱ ይታወሳል። መስከረም 26 ቀን ምሽት የተመዘገበውና መጠኑ 4.9 የነበረው መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ በፎቅ ላይ የሚኖሩ በርካታ ነዋሪዎችን ከቤታቸው አስወጥቷል። ክስተቱ ጥቂት ሳምንታት ረገብ ካለ በኋላ በታኅሣሥ ወር አገርሽቶ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ 5.5፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ 6.0 ደርሷል። በታኅሣሥ መጨረሻ ሳምንት መንግሥት በሁለቱ ክልሎች ከሚገኙ 12 ቀበሌዎች 80 ሺህ ያህል ነዋሪዎችን ከአደጋው ቀጠና ለማውጣት እየሠራ መሆኑን አስታውቆ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በአካልም በስልክም ከሚቀርቡ ጥያቄዎች መካከል ሦስቱ ደጋግመው ይሰማሉ። «ግድግዳዬ ተሰንጥቋል፤ ማንን ልጠይቅ?»፣ «ትልቁ ገና ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ?»፣ «ወደ ቀዬአችን መቼ እንመለሳለን?» የሚሉት ናቸው። የመጀመሪያው በአብዛኛው ከአዲስ አበባና ከአዳማ፣ የመጨረሻው ከተፈናቃይ ወገኖቻችን የሚመጣ ነው። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ለሦስቱም ግን እኩል የተሟላ መልስ መስጠት አይቻልም።

አስቀድሞ መንስኤውን መረዳት ይበጃል። የፈንታሌ ተራራና ከእርሱ በስተሰሜን የሚገኘው ዶፈን የሚገኙት የአፍሪካ አህጉር ቀስ በቀስ በሚሰነጠቅበት በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የስምጥ ሸለቆው ሁለት ወገኖች በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ይህ ለዓይን የማይታይ እንቅስቃሴ ለረጅም ዘመን ከተጠራቀመ በኋላ በድንገት ይለቀቃል። በ2017 ዓ.ም. የሆነውን ከሳተላይት የራዳር ምስሎች መረዳት እንደተቻለው፣ ቅልጥ አለት ከከርሠ ምድር ተነሥቶ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ዐለቱን እየሰነጠቀ ወደ ጎን ተጉዟል። መንቀጥቀጡ አንድ ጊዜ መጥቶ የሚያበቃ ሳይሆን ለወራት የተደጋገመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን በዶፈን አካባቢ ከመሬት እየተምዘገዘገ የወጣው እንፋሎትና አቧራም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የከሰም ግድብና የስኳር ፋብሪካው፣ የጅቡቲ አውራ ጎዳናና የባቡር መስመር በዚሁ ቀጠና ወይም በአቅራቢያው በመሆናቸው ጉዳዩ የሁለት ወረዳ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ለአገራችን ይህ አዲስ አይደለም። በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ከባድ መንቀጥቀጥ ገና በእድገት ላይ በነበረችው አዲስ አበባ በግልጽ ተሰምቷል። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ ዙሪያ ለወራት የዘለቀው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በአፋር የምትገኘው ሰርዶ መንደር ፈርሳ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በ1998 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ በሰሜን አፋር በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የምድር ስንጥቅ በቀናት ውስጥ ተከፍቷል። በቅርቡም ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ዘልቋል። አመዱ በግጦሽ መሬት ላይ በመውረዱ የአፍዴራ አርብቶ አደሮች ለከብቶቻቸው መኖ እጅግ ተጨንቀዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሚኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ፣ የካቲት 7 ሌሊት ነዋሪው ጋቢና ብርድ ልብስ እየደረበ ወደ ግቢው ወርዶ ነበር። ከመካከላችን በልጅነታቸው የካራቆሬውን መንቀጥቀጥ በማጀቴ አቅራቢያ ያዩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ወጣቶቹ «አባባ፣ ያን ጊዜ ምን አደረጋችሁ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «ክረምቱ እስኪገባ ሜዳ ላይ አደርን፤ የቆርቆሮና የሣር ቤት ያለው ቶሎ ተመለሰ፤ የድንጋይ ቤት ያለው ግን ልቡ አልገባ አለው» አሉ። አዛውንቱ ምሕንድስና አልተማሩም። የተናገሩት ግን የዘርፉ ባለሙያዎች ከሚሉት ጋር ይስማማል። አርብቶ አደሩ ከቅርንጫፍና ከሰሌን የሚሠራው ቤት ቢወድቅ እንኳ ሰው አይጨፈልቅም። ያለ ብረት የተደረደረ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ግን ይገድላል።

በ2002 ዓ.ም. ሁለት ወራት ባልሞላ ጊዜ ልዩነት የተከሰቱ ሁለት አደጋዎችን ማነጻጸር ይቻላል። በሄይቲ 7.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ በቺሊ 8.8 የሆነውና በኃይል 500 ጊዜ ያህል የሚበልጠው የገደለው 500 ገደማ ሰዎችን ነው። መንቀጥቀጡ ከሕዝብ መኖሪያ የነበረው ርቀት የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ ትልቁ ልዩነት ቺሊ ከቀደሙ አደጋዎቿ ተምራ የሕንፃ ደንቧን በጥብቅ ማስከበሯ ነው።

በአገራችንም ደንቡ የለም ማለት አይቻልም። መንቀጥቀጥን የሚቋቋም የግንባታ ኮድ በ1980ዎቹ መጨረሻ ወጥቶ ኋላም ተሻሽሏል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ የፈቃድና የቁጥጥር ኃላፊነቱን ለሕንፃ ሹም ሰጥቷል። በዚህ ጸሐፊ እይታ ችግሩ ያለው በጸደቀው ንድፍና መሬት ላይ በቆመው ሕንፃ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ምድር ቤቱን ለሱቅ ለማስፋት ሲባል ግድግዳው ተነሥቶ በኮለኖች ብቻ የቆመ ሕንፃ፣ ያለ ስሌት የተጨመረ ፎቅ፣ ጣሪያ ላይ ሳይታሰር የተቀመጠ ባለ ብዙ ሺህ ሊትር የውኃ ሮቶ በየሰፈሩ የምናየው ነው። አዲስ አበባ ከፈንታሌ በቀጥታ ርቀት 130 ኪሎ ሜትር ያህል መራቋ ጉዳቱን ቢያቀልም፣ እነዚህን ልማዶች ግን ከአደጋ አያድናቸውም።

«ትልቁ ገና ነው» የሚለውን በተመለከተ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚከሰትበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል ሳይንስ በዓለም ላይ የለም። በማኅበራዊ ሚዲያ «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት» እያሉ የሚያሰራጩ ሰዎች መረጃ የላቸውም። አንዳንዶቹ የሚፈልጉት ተመልካች ብቻ ነው። በአንጻሩ «ከእንግዲህ አይመጣም» የሚልም እንዲሁ ሊታመን አይገባም። አገራዊ መረጃን የሚመዘግበውና የሚተነትነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የሕዋ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ማስጠንቀቂያና የነዋሪዎች ማንሣት ጉዳይ ደግሞ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ከክልሎች ጋር የሚሠራው ነው።

ንዝረት ሲሰማዎት ቤት ውስጥ ከሆኑ ወደ ደረጃው አይሩጡ፤ በሊፍትም አይጠቀሙ። ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ርቀው ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግቡ፤ ራስዎንና አንገትዎን ይሸፍኑ። ንዝረቱ ሲቆም የጋዝ ሲሊንደሩንና የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን ዘግተው በእርጋታ ይውጡ። በደጅ ከሆኑ ከአጥርና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ይራቁ።

ግድግዳዎ ከተሰነጠቀ ስንጥቁ የት እንዳለ ይመልከቱ። በልስኑ ላይ፣ ወይም ብሎኬቱ ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት መስመር የሚታይ ቀጭን ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃውን አይጥልም። በኮለን ወይም በቢም ላይ የታየ ስንጥቅ፣ በተለይ አግድሞ የሚወርድ ወይም ብረት ያጋለጠ ከሆነ፣ ሕንፃውን ለቅቀው በአስቸኳይ ለከተማዎ ወይም ለክፍለ ከተማዎ የሕንፃ ሹም በጽሑፍ ያመልክቱ። ሲያመለክቱ ቀኑ የተጻፈበት ፎቶግራፍ፣ የቤቱ ይዞታ ማረጋገጫ ወይም የኪራይ ውል ቅጅ፣ የጋራ መኖሪያ ከሆነም የነዋሪዎች ማኅበሩን ደብዳቤ ቢያያይዙ ምርመራው ይፋጠናል። ተከራይ መሆን ማመልከት አይከለክልም። ስንጥቁን በልስን ሸፍኖ ማከራየት የሌላውን ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ስለሆነ ባለይዞታዎች ከዚህ እንዲቆጠቡ እናሳስባለን።

ከፈንታሌና ከዱለቻ ለተነሡ ወገኖች የሚሰጠው መልስ ከሁሉ የከበደ ነው። መንቀጥቀጡ መቀነሱ ብቻውን ለመመለስ በቂ አይደለም፤ የመሬቱ ስንጥቅ፣ የውኃ ጉድጓዶቹና የቀሩት ግድግዳዎች ሁኔታ በቀበሌ ደረጃ መታየት አለበት። ወደ ቀበሌዎ ለመመለስ ከማሰብዎ በፊት የወረዳዎን የአደጋ ስጋት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ስምዎ፣ የቤተሰብዎ ቁጥርና የጠፋው ንብረትዎ መመዝገቡንም ያረጋግጡ። ያልተመዘገበ ቤተሰብ ለቤት መሥሪያ ድጋፍም ሆነ ለልጆች የትምህርት ቤት ዝውውር ሲያመለክት ማስረጃ ስለሚያጥረው፣ ምዝገባው ያመለጣችሁ በአካል ቀርባችሁ አስመዝግቡ።